የመጀመሪያ ልጅን ጡጦና ማባበያ ለሁለተኛ ልጅ መጠቀም፦ የቱ ይቀመጣል? የቱ ይጣላል?

ሁለተኛ ልጅ ሲመጣ ከአልጋ ሥር ያለው ሻንጣ ይከፈታል። የመጀመሪያው ልጅ ልብስ፣ ጡጦ፣ በአፉ ይዞ የሚረጋጋበት ማባበያ፣ ምናልባትም የጡት ወተት ማለቢያ አንድ ላይ ተጠቅልለው ይገኛሉ። ልብሱ ታጥቦ በፀሐይ ቢሰጣ ይበቃዋል። ወደ ሕፃን አፍ የሚገባ ዕቃ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ባጭሩ ለመመለስ፦ ጠንካራው ክፍል፣ ማለትም ጠርሙሱ፣ ቀለበቱና ክዳኑ፣ ጤነኛ ከሆነ ታጥቦና ተቀቅሎ ለሁለተኛው ልጅ ያገለግላል። ለስላሳው ክፍል፣ ማለትም የጡጦው ጫፍና ማባበያው፣ በአዲስ መተካት አለበት። ከዚህ በታች ምክንያቱንና አሠራሩን እናያለን። በተለይ በሮቤ፣ በጎባና በአካባቢው ደጋ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ከሌላው ቦታ የሚለዩ ጥቂት ነገሮች አሉ።

ሁለተኛው ልጅ ጡጦ ያስፈልገዋል?

ብዙ እናቶች ለሁለተኛው ልጅ ጡጦ የሚያዘጋጁት ለመጀመሪያው ስለተጠቀሙ ብቻ ነው። «ለመጀመሪያው ወተቴ አልበቃም ነበር» ማለት ለሁለተኛውም አይበቃም ማለት አይደለም። የጡት ወተት የሚጨምረው ሕፃኑ ደጋግሞ ሲጠባ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡጦ ከተጀመረ ግን ልጁ ጡት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፤ ወተቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የአገራችን የጤና ሚኒስቴርም ሆነ የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከ6 ወር በኋላ ደግሞ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ጡት ማጥባትን ይመክራሉ። ወተቱ ያነሰ መስሎ ከታየዎት ሻንጣውን ከመክፈትዎ በፊት በቅርብ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም አዋላጅ ነርስ ያማክሩ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው በአያያዝና በአጠባብ ላይ ነው።

ሥራ የሚመለሱ እናቶች ጉዳይ የተለየ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 የሥራ ቀን ነው፤ ስድስት ወር አይሞላም። በገበያ ወይም በእርሻ ሥራ የምትውል እናት ደግሞ ያንንም አታገኝም። በዚህ ጊዜ የታለበ የጡት ወተት በንጹሕ ስኒ ማጠጣት ይቻላል። ሕፃን በስኒ አይጠጣም የሚል እምነት አለ፤ እውነቱ ግን ያለጊዜው የተወለዱ ሕፃናት እንኳ በስኒ መጠጣት ይችላሉ። ልጁን ቀና አድርጎ ይዞ የስኒውን ጠርዝ ከታችኛው ከንፈሩ ማስነካትና ራሱ እየላሰና እየጠጣ እንዲሄድ መተው ነው፤ ወደ አፉ ማንቆርቆር ግን አይገባም። ስኒ ክፍት ስለሆነ በሳሙናና በውሃ በደንብ ይጸዳል። የጡጦ ጫፍና የጠርሙሱ አንገት ግን ወተት የሚደበቅባቸው ናቸው። እኔ ለታካሚዎቼ መጀመሪያ የማነሳላቸው ስኒን ነው፤ የድሮውን ጡጦ ማዳን የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሻንጣው ሲከፈት

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው ይመልከቱ። የፕላስቲክ ጡጦ ከጊዜ ብዛት ይደበዝዛል፤ በብሩሽ ብዛትም ውስጡ ይጫጫራል። በጭረቱ ውስጥ የወተት ቅባት ይይዛል፤ በቅባቱ ላይ ጀርም ይራባል፤ ብሩሽም አይደርስበትም። በጥፍር ሲዳሰስ የሚታወቅ ጭረት፣ ስንጥቅ፣ መጣመም፣ ታጥቦ የማይለቅ ሽታ ወይም ቢጫ ቀለም ካለው ይጣል። የመስታወት ጡጦ አይጫጫርም፤ ነገር ግን አፉ ላይ ትንሽ እንኳ የተሸረፈ ከሆነ አይሆንም።

ከታች በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። 5 ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ መቀቀልን ይችላል። 7 የተጻፈበት፣ እንደ መስታወት ጥርት ያለና ጠንካራ አሮጌ ጡጦ ግን ፖሊካርቦኔት ሊሆን ይችላል። ይህ ፕላስቲክ ቢስፌኖል ኤ የሚባል ኬሚካል አለው፤ ሲሞቅና ሲያረጅ ኬሚካሉ ወደ ወተቱ ይወጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት ጡጦ እንዳይውል ከልክለዋል። ቁጥር የሌለው፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አሮጌ ጡጦንም አላምነውም።

ዕቃው የት ተቀምጦ እንደነበረም ያስታውሱ። በልብስ ሻንጣ ውስጥ ለብል መከላከያ ናፍታሊን ማስቀመጥ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ላስቲክና ሲሊኮን ሽታውን ይመጣሉ። ናፍታሊን ደግሞ ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም እጥረት ያለበትን ሕፃን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራል፤ ሕፃኑ ይገረጣል፣ ዓይኑም ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ናፍታሊን የሸተተ ጫፍም ሆነ ማባበያ ይጣላል። ከናፍታሊን ጋር የተቀመጠ ልብስና ብርድ ልብስም ታጥቦና ነፋስ ላይ ውሎ ሽታው ጨርሶ ሳይለቅ ሕፃን ላይ አይደረግ። አይጥ ወይም በረሮ የነካው ጠርሙስ በጥንቃቄ ታጥቦ ሊቀቀል ይችላል፤ የነኩት ላስቲክ ግን ይጣል።

አንድ ነገር በተለይ ለገበሬ ቤተሰብ ልጨምር። መስመር ያለው ጡጦ ጥሩ መለኪያ ነው። በባሌ የስንዴና የገብስ እርሻ ፀረ አረም ይረጫል፤ ላምባም በብዙ ቤት አለ። ሁለቱ ልጆች በተወለዱበት መካከል ባለው ጊዜ ጡጦው አንድ ቀን እንኳ ፀረ አረም ወይም ላምባ ተለክቶበት ከሆነ ዳግም ለልጅ አይሆንም። ፕላስቲክ ኬሚካል ይይዛል፤ መቀቀል ጀርምን እንጂ መርዝን አያጠፋም። በቤቱ ያሉትን ሁሉ ይጠይቁ። የማያውቁት ከሆነ ይጣሉት። ሲጥሉትም ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይጠቀምበት ቆርጠው ወይም በስተው ይጣሉ።

የጡጦው ጫፍ ለምን በአዲስ ይተካል?

ላስቲክ በምራቅ፣ በሙቀትና በብርሃን ያረጃል። ቡናማው የተፈጥሮ ላስቲክ ቶሎ ይጣበቃል፣ ይላላል፤ ጥርት ያለው ሲሊኮን ይቆያል፣ ግን ጥርስ ያወጣ ልጅ ነክሶት ከነበረ ይቀደዳል። የተቀደደ ጫፍ ቁራሽ ወደ መተንፈሻ ቱቦ ከገባ ልጅን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። አዲስ ለተገዛውም ቢሆን ፍተሻው ቀላል ነው፦ ጫፉን በሁለት እጅ በየአቅጣጫው ይሳቡት። ቢሰነጠቅ፣ ቢጣበቅ ወይም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ባይመለስ አይጠቀሙበት። በየቀኑ የሚሠራበትን ጫፍና ማባበያ በየአንድ ወይም ሁለት ወሩ መለወጥ ጥሩ ልማድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ አይታሰብም። በሻንጣው ውስጥ የቀረው ጫፍ የመጀመሪያው ልጅ መጨረሻ ላይ የተጠቀመበት ነው፤ ለዘጠኝ ወር ወይም ለአንድ ዓመት ልጅ የሚሆን ትልቅ ቀዳዳ አለው ማለት ነው። ብዙ ቤት ደግሞ አጥሚት እንዲያልፍ ቀዳዳው በጋለ መርፌ ይሰፋል ወይም በምላጭ ይቆረጣል። ይህንን ለአራስ መስጠት ወተቱን በአፉ እንደማፍሰስ ነው፤ ልጁ ትን ይለዋል፣ ወተቱም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ለአራስ ጡጦው ሲደፋ ወተቱ በጠብታ እንጂ በጅረት የማይወርድበት፣ በጣም ትንሽ ቀዳዳ ያለው ጫፍ ይምረጡ። ለትልቁም ልጅ ቢሆን አጥሚት በጡጦ አይሰጥ፤ 6 ወር የሞላው ልጅ ገንፎውን በማንኪያ መብላት ይችላል።

በደጋ ማፍላት

ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍታው በ300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ላይ ስላሉ ውሃቸው በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ይፈላል። ባቄላና ሥጋ እዚህ ለመብሰል ጊዜ የሚወስዱትም ለዚህ ነው። ይህ ሙቀት ተቅማጥ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችን፣ ቫይረሶችንና ጥገኛ ተውሳኮችን ይገድላል፤ የሚፈልገው ትንሽ ተጨማሪ ጊዜ ነው። ለመጠጥ ውሃ በቆላ አንድ ደቂቃ መንተክተክ ሲበቃ ከ2,000 ሜትር በላይ 3 ደቂቃ ይመከራል። ለጡጦ ዕቃ ደግሞ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 10 ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ። «ፈላ» ተብሎ ወዲያው የሚወጣ ጡጦ አልተቀቀለም። ምድጃ ላይ የሚጣድ ፕሬሸር ኩከር ያለው ቤት ለመጠጥ ውሃም ለመስታወት ጡጦም ሊጠቀምበት ይችላል፤ ፕላስቲኩን ግን ሊያጣምምበት ስለሚችል በተራ ድስት ይቀቅሉ።

ቅደም ተከተሉ ግን ከማፍላት አይጀምርም። ወተት የደረቀበት ጡጦ ቢቀቀል ወተቱ ግድግዳው ላይ ይበስላል እንጂ አይጸዳም። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ጡጦውን ሙሉ በሙሉ ይፍቱ፤ ጫፉ ከቀለበቱ ይውጣ። በሞቀ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ ለጡጦ ብቻ በተለየ ብሩሽ ይሹት፤ የጫፉን ውስጥ ገልብጠው ይሹ። በአሸዋ፣ በአመድ ወይም በብረት ሽቦ አይሹ፤ ይጫጭራል። በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ውሃ በሞላ ድስት ውስጥ ይክተቱ፤ አየር የያዘ ጠርሙስ ስለሚንሳፈፍ ውስጡ ውሃ መሙላቱን ያረጋግጡ። ድስቱ ወጥ የማይሠራበት ቢሆን ይመረጣል፤ ሲሊኮን የበርበሬና የሽንኩርት ሽታ ይይዛል።

ማድረቁ ደጋ ላይ ራሱን የቻለ ችግር ነው። በዝናብና በጉም ወራት ጡጦ ክዳኑ ተዘግቶ እርጥብ ከዋለ ይሻግታል። ንጹሕና የተተኮሰ ጨርቅ ላይ ደፍተው፣ ከጭስ ርቆ፣ ሌላ ንጹሕ ጨርቅ አልብሰው ያድርቁ። በመጥረጊያ ፎጣ ውስጡን አይወልውሉ፤ ፎጣው ከጡጦው የበለጠ ጀርም አለው። ልጁ ከ2 ወር በታች ከሆነ፣ ያለጊዜው የተወለደ ከሆነ ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ከሆነ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ይቀቅሉ። የቧንቧ ውሃ በማይገኝበት ወይም በሚቆራረጥበት ቤት ዕድሜውን ሳይቆጥሩ በየቀኑ ቢቀቅሉ እመክራለሁ።

በረኪና ለመጠቀም የሚያስቡ ካሉ ለሕፃን ዕቃ የሚሆን መጠን በጽሑፉ ላይ የሌለውን አይሞክሩ። በግምት የተጨመረ በረኪና ወይ ጀርሙን አይገድልም ወይ የልጁን አፍ ያቆስላል።

የዱቄት ወተት ለሚጠቀሙ

በሐኪም ምክር የዱቄት ወተት የሚወስድ ልጅ ካለ ጡጦው ብቻ መቀቀሉ አይበቃም። ዱቄቱ ራሱ ከጀርም ነጻ አይደለም፤ ክሮኖባክተር የሚባል፣ በአራስ ላይ ማጅራት ገትር የሚያስከትል ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ እንዲበጠበጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። መመሪያው የፈላ ውሃ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ ይበጥበጥ ይላል፤ የእኛ ውሃ ግን ከ92 ዲግሪ ስለሚጀምርና ማታ ማታ ብርዱ ስላለ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከዚያ ቀደም ብለው ይበጥብጡ። ከዚያ ጡጦውን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁመው ያብርዱ፤ ከመስጠትዎ በፊትም የእጅ አንጓዎ ላይ ጠብ አድርገው ሙቀቱን ይፈትሹ። ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየና ልጁ ያስተረፈው ይደፋ። ዱቄቱ ውድ ነው ብሎ ማቅጠን ልጁን ያከሳል።

ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ የላም ወተት፣ የቀጠነም ቢሆን፣ አይሰጥም። በባሌ የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ማጠን ጥሩ ጥንታዊ ልማድ ነው፤ ሽታው ደስ ይላል፣ ዕቃውንም በመጠኑ ከጀርም ያጸዳል። ነገር ግን ሳይፈላ የቀረ ወተት ውስጥ ያለውን የብሩሴላና የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ጭስ አያጠፋውም። ጡጦን ማጠንም መቀቀልን አይተካም።

ማባበያው

አንዳንዱ የእንጀራ እናት፣ አንዳንዱ ፓሲፋየር የሚለው ይህ ዕቃ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይተካ። ሲገዙ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ፣ የፊቱ ሰሌዳ ከልጁ አፍ የሰፋና የአየር ቀዳዳ ያለው ይምረጡ። ጡት የሚጠባ ልጅ ጡት መጥባቱ እስኪረጋጋ፣ ይኸውም በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት፣ ባይሰጠው ይሻላል። ከዚያ በኋላ በእንቅልፍ ሰዓት መስጠት ድንገተኛ የሕፃናት ሞትን እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ዓመት ከተጠጋ በኋላ ሲዘወተር ደግሞ የጆሮ ኢንፌክሽን ይጨምራል። ሁለቱም እውነት ነው፤ እንደ ዕድሜው ይወሰናል።

በክር አስሮ አንገት ላይ ማንጠልጠል ልጅን ያንቃል። ዶቃና ክታብም እንዲሁ፤ ቤተሰቡ ክታቡን ማስቀረት ካልፈለገ በእንቅልፍ ሰዓት ከአንገቱ ወልቆ ልጁ ከማይደርስበት ቦታ ይሰቀል።

መሬት የወደቀን ማባበያ እናት በራስዋ አፍ መጥባት የተለመደ ነው፤ ጥርስ የሚያበሰብሰው ባክቴሪያ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው። ትልቁ ልጅ ቀምቶ ጠብቶ የመለሰውም ይታጠብ፤ ቅናት ያለበት የሁለት ዓመት ልጅ ይህን ሳያደርግ አይቀርም።

ማር ውስጥ ነክሮ መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም። የሐረና ጫካ ማር ስመ ጥር ነው፤ ለአዋቂ መልካም ምግብ ነው። ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን ማንኛውም ማር፣ ንጹሕም ቢሆን፣ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል። ይህ ዘር በተራ ማፍላት አይሞትም። በሕፃኑ አንጀት ውስጥ ሲራባ ጡንቻን የሚያልም መርዝ ያመነጫል፤ ልጁ ሆዱ ይደርቃል፣ ጭንቅላቱን መሸከም ያቅተዋል፣ መጥባት ያቆማል፣ ትንፋሹም ሊቆም ይችላል። ለአራስ ቅቤ ማስዋጥም አይገባም፤ አያቶች ሲያዝዙ እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ «ሐኪም ከልክሎኛል» ይበሉ፣ ኃላፊነቱን ለእኛ ይተዉት።

የጡት ወተት ማለቢያ

ያው እናት ለሁለተኛ ልጅዋ የራስዋን ማለቢያ መጠቀም ትችላለች። ወተት የሚነካው ክፍል ሁሉ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፤ ስስ የላስቲክ ክዳኖቹ ግን ሲላሉ መሳቡ ስለሚደክም ይተካሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ቱቦውን ብርሃን ላይ ይዩት፤ ጥቁር ነጥብ ወይም ሻጋታ ካለበት ይጣል። ሞተሩ ውስጥ ወተት ገብቶ ከነበረ ማጽዳት አይቻልም። ከእህት ወይም ከጎረቤት የተገኘ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ተብሎ የተሠራ ማለቢያ አይዋሱ። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ 4 ቀን ይቆያል። ያለ ማሽን በእጅ ማለብም ይቻላል፤ አዋላጆች ያሳዩዎታል።

ከውጭ አገር ዘመድ ተጠቅሞበት የላከው ወይም ከሰልባጅ የተገዛ ጡጦም ልክ እንደ ቤቱ ዕቃ ይፈተሽ፤ ታሪኩ ስለማይታወቅ ግን ጥርጣሬው ይበርታ። በውስጡ ጄል ወይም ውሃ ያለው አሮጌ የጥርስ ማሳከኪያ ስለሚፈነዳ አይወረስ።

ጉዞና የኮሌራ ወቅት

ለአረፋ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚወርድ ቤተሰብ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቤት ምድጃ ወደ ብዙ ሕዝብ መካከል ይሄዳል። በሙቀት ወተት ቶሎ ይበላሻል፤ ጡጦ የሚቀቅሉበት ውሃና ማገዶም አይገኝ ይሆናል። ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት እናት ጡጦውን ቤት ትታ ጡት ብቻ ብታጠባ ይህ ሁሉ ይቀርላታል፤ ከ6 ወር በታች ያለ ልጅ በቆላ ሙቀትም ተጨማሪ ውሃ አያስፈልገውም፤ ቶሎ ቶሎ ይጥባ። የግድ የዱቄት ወተት የሚወስድ ልጅ ካለ የተቀቀለ ስኒና ማንኪያ በንጹሕ ዕቃ ተዘግቶ፣ የፈላ ውሃ በፔርሙዝ ይያዝ፤ በአንድ ጊዜ የሚጠጣው ብቻ ይበጥበጥ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የጀመረው ኮሌራ ወደ ሌሎች ወረዳዎችና ወደ ሶማሌ ክልልም ተዛምቷል። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ጊዜ ጡጦን ወደ ጎን አድርጎ ስኒ መጠቀም ብልህነት ነው።

መቼ ወደ ጤና ተቋም?

ልጁ መጥባት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ተቅማጡ ደም ካለው፣ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ከወትሮው ፈዞ ከተኛ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከ2 ወር በታች ሆኖ ካተኮሰው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ተቅማጥ ከጀመረው በመንገድ ላይ ጡት ማጥባቱን ሳያቋርጡ ኦ.አር.ኤስ. በማንኪያ ይስጡት እንጂ በጡጦ አይስጡት። በአፉ ውስጥ ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ነገር ከታየ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ልጁና የእናቱ ጡት አብረው ይታከማሉ፣ ጫፉና ማባበያውም በየቀኑ ይቀቀላሉ፤ ሕክምናው ሲያበቃም በአዲስ ይተካሉ። ትን ብሎት መተንፈስ ያቃተው ልጅ ከዓመት በታች ከሆነ በክንድዎ ላይ በደረቱ አስተኝተው፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዝቅ አድርገው፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ በመዳፍዎ ይምቱት፤ ካልወጣ ገልብጠው በሁለት ጣት ደረቱን መሐል ላይ 5 ጊዜ ይጫኑ፤ እስኪወጣ ወይም እርዳታ እስኪደርስ ይደጋግሙ።

ወደ ሐኪም ሲመጡ ልጁ የሚጠጣበትን ጡጦ ከነጫፉ፣ የዱቄት ወተቱንም ከነቆርቆሮው ይዘው ይምጡ። ሳያጥቡት፣ እንዳለ።